የከሸፈ ሪቮልቨርን ስለ ማስመርመርና ስለ ማስጠገን

ፈጽሞ የማይተኩስ ሽጉጥ ከብረት ቁራጭ አይሻልም፤ ዘወትር በሥርዓቱ የሚተኩሰውንም ባለቤቱ ጠባዩን ስለሚያውቀው ይጠነቀቅለታል፤ አንድ ጊዜ ተኩሶ አንድ ጊዜ የሚከሽፈው፣ ከበሮው ሲሻው ዞሮ ሲሻው የሚገተረው ሪቮልቨር ግን፣ በተፈለገበት ሰዓት የማይገኝ፣ ባልታሰበ ሰዓት ደግሞ ሊባርቅ የሚችል ስለ ሆነ፣ ከሁለቱም ይልቅ የሚያሰጋ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ሽጉጥ በእጃቸው ላለ፣ በተለይም በአሜሪካ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች ተቀምጠው፣ ሱቃቸውን ወይም ቤታቸውን ለመጠበቅ ሪቮልቨር በሕግ ለያዙ አንባብያን የተጻፈ ሲሆን፣ ዓላማውም ባለቤቱን ጠጋኝ ለማድረግ ሳይሆን እውነተኛ ምስክር ለማድረግ ነው። ባለ እጁ ሽጉጡን የሚያየው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ባለቤቱ ግን ለዓመታት አብሮት ኖሯል፤ ሕፀፁ የታየበትን ጊዜና ሁኔታ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ የጥገናው እኩሌታ ባለቤቱ በሚሰጠው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ምስክር ለመሆን ደግሞ የሚመሰክሩለትን ነገር አሠራር በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ሪቮልቨር ጥይቱን እንደ አውቶማቲክ ሽጉጥ በካርታ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀዳዳ ባለው ተሽከርካሪ ከበሮ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ሳሙኤል ኮልት በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበበት ከ1836 ጀምሮ (ዓመታቱን፣ የኢትዮጵያን አዋጅ ከምጠቅስበት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) መልኩ ብዙ ቢለዋወጥም የሥራው ምሥጢር ያው ነው። ምላጩ ሲሳብ ወይም መዶሻው ወደ ኋላ ሲጎተት፣ በሽጉጡ ሆድ ውስጥ ያለች አንዲት ቀጭን ብረት ከከበሮው ጀርባ ያለውን ጥርስ ወደ ላይ ገፍታ ተከታዩን ቀዳዳ ከአፈሙዙ ትይዩ ታመጣዋለች፤ ወዲያውም ከሥር አንድ ትንሽ መቆለፊያ ብቅ ብሎ ከበሮውን በቦታው ያጸናዋል፤ ከዚህ በኋላ መዶሻው በሞላው ኃይል ወድቆ፣ መምቻው መርፌ በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለችውን ካፕሱል ይመታታል። ከከበሮው መዞር፣ ከመቆለፊያው መያዝና ከመርፌው መምታት አንዱ በጊዜው ወይም በልኩ ካልተፈጸመ ሽጉጡ ይታመማል። ለምሳሌ የምጠቅሰው በአብዛኛው የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን 38 ስፔሻል ነው፤ በ1899 ወጥቶ በ1957 ሞዴል 10 የሚል ስም የተሰጠው ይህ ሽጉጥ በብዙ የፖሊስ ወገብ ላይ የኖረ ስለ ሆነ፣ ዛሬም በአሮጌ ዕቃ ዋጋ ተገዝቶ ወደ ብዙ ቤት ይገባልና።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈጸመው ሽጉጡን ማራገፍ ነው። አፈሙዙን ሰው በሌለበት፣ ጥይት ቢወጣ እንኳ በሚያስቀረው አቅጣጫ ይያዙ፤ ጣትዎ ከምላጩ ውጭ ይሁን። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን የከበሮው መክፈቻ ወደ ፊት ይገፋል፤ በኮልት ወደ ኋላ ይሳባል፤ በሩገር ደግሞ ወደ ውስጥ ይጫናል። ከበሮው ወደ ግራ ወጥቶ ሲከፈት አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንተው የማስወጫውን ዘንግ በመዳፍዎ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይምቱትና የወጡትን ይቁጠሩ፤ ከዚያም በብርሃን እያንዳንዱን ቀዳዳ ይመልከቱ፤ ዓይን ይሳሳታልና በትንሿ ጣትዎ ደግሞ ይዳስሱ። የወጣው ጥይት ከሽጉጡ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊያድር ቀርቶ በአንድ ክፍል ውስጥም አይቆይ። ይህን ሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት ቢሆንም፣ ሽጉጡን ባነሡ ቁጥር እንደ አዲስ ይድገሙት፤ «ቅድም አራግፌዋለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ቤት አፍርሷል።

የከሸፈው በተኩስ መለማመጃ ቦታ ከሆነ ግን ለማራገፍ መቸኮል አይገባም። አንዳንድ ጥይት ካፕሱሉ ከተመታ በኋላ ዘግይቶ የሚነሣ ስለ ሆነ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ ቢያንስ 30 ሰኮንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሪቮልቨር ላይ የሚበረታው ፈተና ምላጩን ዳግመኛ ስቦ ወደሚቀጥለው ጥይት ማለፍ ነው፤ ይህ ግን ዘግይቶ የሚነሣውን ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ወደ ጎን ያወጣዋልና፣ በዚያ ሰዓት ቢፈነዳ እርሳሱ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከዚህም የከፋ አንድ ነገር አለ፤ ተኩሱ እንደ ወትሮው ሳይጮህ ደከም ያለ ድምፅ ብቻ ያሰማ እንደ ሆነ፣ እርሳሱ በአፈሙዙ ቱቦ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ጥይት ከቶ መተኮስ አይገባም፤ ሁለተኛው ጥይት የመጀመሪያውን ሲያገኘው ቱቦውን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። የተሰነቀረውን እርሳስ በቤት ውስጥ በብረት ዘንግና በመዶሻ ለማስወጣት የሚደረገው ሙከራ ደግሞ የቱቦውን ጥምዝ ፈለግ ስለሚያበላሸው፣ ይህን ለባለ እጁ ይተዉለት።

ከበሮው ጥይት እንደ ጎረሰ ተቆልፎ አልከፈትም ያለ ሽጉጥ ከሌላው ሁሉ የተለየ ጉዳይ ነው። በጉልበት አይታገሉት፤ በመዶሻ አይቀጥቅጡት፤ መኪና ውስጥ ጥለውም ወደ ሱቅ አይሂዱ። በመለማመጃ ቦታ ከሆኑ ሽጉጡን ወደ ዒላማው አቅጣጫ እንደያዙ የቦታውን ኃላፊ ይጥሩ፤ በቤትዎ ከሆኑ ደግሞ ማንም በማይደርስበት ቦታ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አድርገው ያስቀምጡትና፣ ባዶ እጅዎን ለባለ እጁ ደውለው እንዴት እንደሚያደርጉ ይጠይቁ፤ እርሱ ባይገኝ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በተመደበው የፖሊስ ቁጥር ይደውሉ። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ምን አስቦ እንደ መጣ ለማወቅ ማንም ጊዜ አይኖረውም።

ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ማንነቱን መለየት ይከተላል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን መለያ ቁጥር በአሮጌዎቹ ላይ በእጀታው ታች ባለው ብረት ላይ ተቀርጿል፤ ከበሮው ሲከፈት በመታጠፊያው አጠገብ የሚታየው ሌላ ቁጥር በፋብሪካ ለመገጣጠም ብቻ የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው እርሱን መለያ ቁጥር አድርጎ ይመዘግበዋል፤ የፈቃድ ወረቀትም በዚሁ ስሕተት ተጽፎ ሲገኝ ባለቤቱን ያንገላታዋል። ከ1957 ወዲህ በተሠሩት ላይ የሞዴሉ ቁጥር ከዚያው ከመታጠፊያው ውስጥ ይገኛል። የጥይቱ ዓይነት በአፈሙዙ ጎን ተጽፏል፤ እርሱንም በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ምክንያቱም 38 ስፔሻል እና 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባሉት፣ ስማቸው ቢቀራረብም፣ አንዱ ረዝሞ የቀጠነ፣ ሁለተኛው አጥሮ የወፈረ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ጥይቶች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ሠራዊት ከተላኩት ሽጉጦች ብዙዎቹ በኋላ ቀዳዳቸው እየተቦረቦረ ለ38 ስፔሻል እንዲሆኑ ስለ ተደረገ፣ ቀለሁ ሲወጣ አብጦ ወይም ተሰንጥቆ የሚገኝ ከሆነ፣ ሕመሙ የሽጉጡ ሳይሆን የዚያ ቡርቦራ ውጤት ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ለ38 ስፔሻል በተሠራ ሽጉጥ 357 ማግነም ጥይት ለማጉረስ የሚሞክሩ አሉ፤ የማግነሙ ቀለህ በ3 ሚሊሜትር ያህል እንዲረዝም የተደረገው በትክክል ይህ እንዳይሆን ለመከልከል ነው።

የሽጉጡን ዕድሜ ማወቅም ለጌጥ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች አንዱ በመርከብ ወለል ላይ ወድቆ ባርቆ መርከበኛ ስለ ገደለ፣ ፋብሪካው በ1944 መጨረሻ ላይ መዶሻው ምላጭ ሳይሳብ ወደ ፊት እንዳይደርስ የሚያግደውን ብረት አሻሽሎ ሠራው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ሽጉጥ የያዘ ሰው፣ ከመዶሻው ሥር ያለውን ቀዳዳ ባዶ መተው ይገባዋል። ሩገርም ከ1973 በፊት ለሠራቸው መዶሻቸው በእጅ ለሚሳብ ሽጉጦች፣ ሲወድቁ እንዳይባርቁ የሚያደርገውን ዕቃ ያለ ዋጋ ሲገጥም ኖሯል። ስለዚህ ለጠጋኝ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት፣ የሽጉጡን መለያ ቁጥር ይዘው ፋብሪካው ለዚያ ዓይነት ያወጣው የማስጠንቀቂያ ቃል መኖር አለመኖሩን ፋብሪካውን ራሱን ይጠይቁ።

አሁን ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው ስለሚፈቀደው ጥቂት ነገር እንናገር። የከበሮው መገተር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማስወጫው ኮከብ ሥር ከሚገባ ያልተቃጠለ ባሩድ ነው፤ ቀለሁ በሚራገፍበት ጊዜ አፈሙዙ ወደ ታች ካዘነበለ፣ ከቀዳዳው የሚወርደው ፍርፋሪ ከኮከቡ ሥር ይቀመጥና፣ ከበሮው በሚዘጋበት ጊዜ ኮከቡን ከቦታው በጥቂቱ ያነሣዋል፤ ያ ጥቂት ደግሞ ከበሮውን ለማሰር ይበቃል። ዘንጉን ገፍተው ኮከቡን ካወጡ በኋላ ሥሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ። የማስወጫው ዘንግ በራሱ ጊዜ ከላላ ይረዝምና ከበሮው እንዳይከፈት ያግደዋል፤ በጣትዎ ጠበቅ አድርገው ቢሞክሩት ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን የዘንጉ ጥርስ አቅጣጫ ከተለመደው የተገለበጠ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ማጥበቂያው በግራ ነው። ሦስተኛውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስቀው፣ በእጀታው ፊት ከታች በኩል ያለችው ትንሽ ብሎን ነገር ነው። ይህች ብሎን ሞላውን የምትወጥር ስለ ሆነች፣ ምላጩ እንዲቀልለው የፈለገ ሰው ያላላታል፤ መዶሻው ኃይሉን ያጣል፤ ጥይቱ ይከሽፋል፤ ከዚያም ሽጉጡ «ተበላሸ» ተብሎ ይሸጣል። ከሌላ ሰው የገዙት ሽጉጥ ካፕሱሉን በስሱ ብቻ እየነካ የሚከሽፍ ከሆነ፣ ይህች ብሎን እስከ መጨረሻዋ ጠብቃ እንደ ሆነ ይመልከቱ።

የባለቤቱ እጅ ከዚህ አልፎ አይሂድ። የጎኑን ክዳን አይክፈቱ። የቤት ካቻቪቴ ለሽጉጥ ብሎን የተሠራ ስላልሆነ አፉ ከብሎኑ ጭንቅላት ያንሸራትታል፤ ክዳኑንም በካቻቪቴ ጫፍ ፈንቅሎ ማንሣት ጠርዙን ለዘለዓለም ያጎብጠዋል፤ ባለ እጁ ልክ ሆኖ በተሞረደ ካቻቪቴ ብሎኑን ፈትቶ እጀታውን በእንጨት መታ መታ ሲያደርገው ክዳኑ በራሱ ይነሣል። ደግሞም ሽጉጡን ከማስመርመርዎ በፊት በዘይት አያጥቡት፤ የእርሳስ ብናኝ በየት በኩል እንደ ተረጨ፣ ጥቀርሻው በየትኛው ቀዳዳ አፍ ላይ እንደ በረታ፣ ይህ ሁሉ ለሚያውቅ ዓይን የተጻፈ ምስክር ነውና። ከኮከቡ ሥር ያለውን ከማጽዳትዎም በፊት ፎቶግራፍ ያንሡት።

ከዚያ ወደ ምርመራው ይሂዱ፤ ይኸውም በባዶ ሽጉጥ የሚደረግ ነው። መዶሻውን በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ሲስቡት፣ መዶሻው ከመጨረሻው ደርሶ ከመያዙ በፊት ወይም በዚያው ቅጽበት ከበሮው ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። መዶሻው ተይዞ ሳለ ከበሮው ገና ያልተቆለፈ ከሆነ፣ ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጥም ጥይቱ ይነሣል ማለት ነው፤ እርሳሱም በቱቦው አፍ ጠርዝ እየተላጠ ፍንጣሪው ወደ ጎን ይረጫል። ይህን በሁሉም ቀዳዳ ላይ በተራ ይሞክሩ፤ የዘገየውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ምክንያቱም ከበሮው በአንድ ቀዳዳ ላይ ብቻ ቢዘገይ የዚያ ጥርስ መበላት ነው፣ በሁሉም ላይ ቢዘገይ ግን የገፊዋ ብረት ማጠር ነው፤ የጥገናው ዋጋም እንዲሁ ይለያያል። ቀጥሎ መዶሻው ተስቦ እንደ ቆመ፣ ምላጩን ሳይነኩ ከኋላ በአውራ ጣትዎ ገፋ ያድርጉት፤ ቢወድቅ የመያዣው ጥርስ ተበልቷልና ሽጉጡ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጥይት መጉረስ የለበትም። በመጨረሻም ከበሮውን ዘግተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት፤ በከበሮውና በቱቦው አፍ መካከል ያለው ክፍተት በጥሩ ሽጉጥ ላይ ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ባለ እጁ ይህን በስስ የብረት መለኪያ ይለካዋል፤ ባለቤቱ ግን ከበሮው ሲንኳኳ መስማቱ ይበቃዋል። ባለ 22 ሪቮልቨር የያዘ ሰው ግን ምላጩን በባዶው ደጋግሞ ከመልቀቅ ይቆጠብ፤ መርፌው የቀዳዳውን ጠርዝ ይመታዋል።

የተገኘውን ሁሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ይህ ወረቀት የዚህ መመሪያ ልብ ነው። የሽጉጡን ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ከጻፉ በኋላ፣ ከከሸፉት ጥይቶች የእያንዳንዳቸውን የፋብሪካ ስም፣ የከሸፈበትን ቀዳዳ፣ መዶሻው አስቀድሞ በጣት ተስቦ እንደ ነበር ወይም በምላጩ ብቻ እንደ ተተኮሰ፣ ሽጉጡ ገና ቀዝቃዛ ሳለ እንደ ሆነ ወይም ብዙ ከተኮሰ በኋላ በጋለ ጊዜ እንደ ሆነ ይጻፉ። ሲቀዘቅዝ የሚሠራ ሲግል የሚገተር ሽጉጥ፣ የከበሮው ክፍተት መጥበቡን ይናገራል፤ በጣት ሲሳብ የሚተኩስ በምላጭ ብቻ ሲሆን የሚከሽፍ ደግሞ፣ መዶሻው በምላጭ ብቻ ሲሳብ የሚጓዘው አጭር ስለ ሆነ፣ የሞላውን ድካም ይናገራል። የተተኮሱትን ቀለሆች ያስቀምጡ፤ የመርፌው ጠባሳ በካፕሱሉ መካከል ሳይሆን በጎን ከዋለ ከበሮው በቦታው አለመቆለፉን ያሳያል። ያልተነሣውን ጥይት ግን ከሽጉጡ ጋር ይዘው አይሂዱ፤ የጠባሳውን ፎቶግራፍ ማሳየት ይበቃል።

በዚህ ወረቀት ላይ የራስንም ሥራ መጻፍ ያስፈልጋል። ሽጉጡ ወድቆ እንደ ሆነ፣ በቤት የተሞላ ጥይት ተተኩሶበት እንደ ሆነ፣ ሞላው ተቀይሮ ወይም በሞረድ ተነክቶ እንደ ሆነ፣ በሲኒማ እንደሚታየው ከበሮው በእጅ ማወዛወዝ ብቻ እየተወረወረ ሲዘጋ ኖሮ እንደ ሆነ (ይህ ልማድ መታጠፊያውን ያጣምማል) ሁሉንም ይግለጹ። ንስሐ የሚገባ ሰው ለአባቱ ኃጢአቱን ቀንሶ ቢነግር ቀኖናው እንደማይጠቅመው ሁሉ፣ ለባለ እጁም ግማሹን የደበቀ ሰው የሚቀበለው ጥገና ግማሽ ነው።

ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ግን ሕጉን ይመልከቱ። በአሜሪካ ሕግ፣ በጉብኝት፣ በትምህርት ወይም በሥራ ቪዛ የሚኖር ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕግ የተወሰነ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም፤ ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖር ሰውማ ጨርሶ የተከለከለ ነው፤ የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ያለው ግን እንደ ዜጋው ይይዛል። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ወንድምዎ ሽጉጥዎን «እኔ ላድርስልህ» ቢልዎ፣ በቅን ልብ ያደረገው ነገር መኖሪያውን ሊያሳጣው ይችላልና አይፍቀዱለት። በዋሽንግተን ከተማ ሽጉጡ ራሱ በፖሊስ የተመዘገበ መሆን አለበት። በሜሪላንድ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስ በጠቅላላው የተከለከለ ሲሆን፣ ወደ እውነተኛ መጠገኛ ቤት መውሰድና መመለስ ግን፣ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በማህደሩ ወይም በተዘጋ ሣጥኑ ካለ፣ በሕጉ በግልጽ ተፈቅዷል። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የፌዴራሉ ሕግ የሚጠብቀው ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በመኪናው ኋላ ሣጥን ሲቀመጥ ነው፤ መኪናው የኋላ ሣጥን የሌለው እንደ ሆነ በተቆለፈ ሣጥን ይሁን፤ የፊት ለፊቱ መሳቢያ ግን እንደ ተቆለፈ ሣጥን አይቆጠርም። ጥይቱም ለብቻው ይቀመጥ፤ ከመጠገኛው ቤት በፊት ለቡና ወይም ለገበያ መቆም አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ለሚኖር አንባቢ ደግሞ መነሻው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ከአባት የወረሰውም ቢሆን፣ ሽጉጡን ለጠጋኝ ከማሳየቱ በፊት ፈቃድ ሰጪው የፖሊስ አካል ዘንድ ባዶ እጁን ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል።

ባለ እጅ መምረጥ ዛሬ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በዘመናችን ካሉት ወጣት ጠጋኞች ብዙዎቹ እጃቸውን ያፈቱት በአውቶማቲክ ሽጉጥና በጠመንጃ ሲሆን፣ በእነዚያ ላይ ዕቃ አውጥቶ ዕቃ መተካት ስለሚበቃ፣ የሪቮልቨርን ዕቃ በሞረድና በትዕግሥት አንዱን ከሌላው የማስማማት ጥበብ እየሳሳ ሄዷል። ስለዚህ በስልክ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነገር «ትጠግናላችሁ ወይ» ሳይሆን «የሪቮልቨር ከበሮ ጊዜውን ሲስት ማን ያስተካክለዋል፣ ለምን ያህልስ ጊዜ ሠርቷል» የሚል ይሁን። አሮጌ ኮልት የያዘ ሰው በተለይ ይጠይቅ፤ የኮልት አሠራር ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተለየ ነው፤ ከበሮው እንኳ የሚዞረው በተቃራኒው ነው፤ እርሱን በደንብ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የፌዴራል ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፈቃድ ያለው ሽጉጥዎን የሚያሳድረው ከሆነ በመዝገቡ ስምዎንና የሽጉጡን ቁጥር የመጻፍ ግዴታ አለበትና፣ መታወቂያ ሲጠይቅዎ አይቀየሙት፤ እርስዎ ቆመው እየጠበቁ በዚያው ቀን ጠግኖ ከመለሰልዎ ግን ይህ ጽሕፈት አያስፈልግም።

ሽጉጡ በፋብሪካው ዋስትና ውስጥ ያለ እንደ ሆነ ወደ ፋብሪካው መላክ ይሻላል። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ፣ ተራ ሰው ሽጉጡን ለጥገና በሌላ ግዛት ላለ ባለ ፈቃድ እንዲልክ፣ ባለ ፈቃዱም በቀጥታ ለላከው ሰው እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ በተራ ሰው እጅ ሽጉጥ በፖስታ ቤት መላክን ግን በ1927 የወጣ ሕግ ከልክሏል፤ የግል አመላላሾችም የየራሳቸው ጥብቅ ደንብ ስላላቸው፣ አስቀድመው ለፋብሪካው ደውለው በእርሱ መንገድና በእርሱ ወረቀት ይላኩ። የማይጠገን ሆኖ ፋብሪካው በዚያው ዓይነት ሌላ ቢተካልዎ፣ እንደ አዲስ ግዢ የሚሞላ ቅጽ የለበትም።

ሱቁ ሲደርሱ ሣጥኑን እንደ ተዘጋ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ሽጉጥ ለጥገና እንዳመጡ ይናገሩ፤ እንዲከፍቱ ሲባሉ ብቻ ይክፈቱት፤ ወይም እርሱ ይክፈተው። ወረቀትዎን ይስጡት፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። ምርመራው ስንት እንደሚያስከፍል፣ ከየትኛው ዋጋ በላይ ሳይደውልልዎ እንዳይሠራ፣ የተቀየሩትንም አሮጌ ዕቃዎች እንዲመልስልዎ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ጥያቄ የማይወድ ባለ እጅ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ሁለት ነገር ሲያቀርብልዎ ግን ልብዎ እንዳይሳሳ፤ አንደኛው «እግረ መንገዴን ምላጩን ላቅልልልህ» የሚል ነው፤ ለመከላከያ በተያዘ ሽጉጥ ላይ የቀለለ ምላጭ ለክሽፈትም ለባርቆትም በር ይከፍታል። ሁለተኛው የቀለም ማደስ ነው፤ አሮጌ ሽጉጥ በመጀመሪያው ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ፣ ቢቧጨርም፣ ከታደሰው ይልቅ ዋጋ አለው፤ ማደስ የሚሹ ከሆነም የማለስለሻው ማሽን የመለያ ቁጥሩን እንዳያደበዝዘው ይጠንቀቁ፤ ቁጥሩ የጠፋ ሽጉጥ መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ተጠግኖ ሲመለስልዎ አስቀድመው ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ያስተያዩ፤ ባዶነቱን ያረጋግጡ፤ በቤትዎ ያደረጉትን ምርመራ በሙሉ በባለ እጁ ፊት ይድገሙት። ከዚያ ወደ መለማመጃው ሄደው፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ አድርገው፣ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ያጉርሱ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ነው ከበሮውን የሚሞሉት። ከበሮው አጠገብ ጣት አይደርስ፤ በዚያ ክፍተት የሚወጣው እሳት ሥጋ ይቆርጣል፤ ሰውም በጎንዎ አይቁም። ለመከላከያነት የሚጠቀሙበትን ያንኑ ጥይት ይተኩሱ እንጂ በርካሹ ሞክረው በሌላው አይመኑ፤ በሁለቱም መንገድ፣ በጣት በተሳበ መዶሻና በምላጭ ብቻ፣ ሁሉንም ቀዳዳ ያዳርሱ። አንድ እንኳ ቢከሽፍ፣ ቀለሁንና የቀዳዳውን ቁጥር ጽፈው ይመልሱት፤ ጥሩ ባለ እጅ ለዚህ ዳግመኛ አያስከፍልም።

መጠገን የማይገባው ሽጉጥ አለ። የአካሉ ብረት የተሰነጠቀ፣ በቱቦው አፍ ላይ ከታች በኩል ፍንጥቅ የታየበት (ቀላል እርሳስ ባለው 357 ማግነም ብዙ የተተኮሰባቸው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 19 ሽጉጦች በዚህ ይታወቃሉ)፣ ወይም የከበሮው ግድግዳ ያበጠ እንደ ሆነ፣ ባለ እጁ ራሱ አልነካውም ይላል። ቱቦው ብቻ ከሆነ ቱቦ ይለወጣል፤ የሚለወጠው ዕቃ ግን ከፋብሪካ ከተቋረጠ ዘመን የቆየ ከሆነ፣ ዋጋው ከሌላ ደኅና አሮጌ ሽጉጥ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ሕፀፁን ሳይናገሩ ለሌላ መሸጥ አይገባም። ለማስወገድ ከፈለጉ ለፖሊስ ሊያስረክቡት ይችላሉ፤ ሆኖም ጣቢያው ውስጥ ሽጉጥ በእጅ ይዞ አይገባም፤ አስቀድመው ደውለው ቀንና ሰዓት ይቀበሉ፤ ሽጉጡን በኋላ ሣጥን ቆልፈው፣ ባዶ እጅዎን ገብተው ለመኮንኑ ያስታውቁ፤ እርሱ ከመኪናው ሲያወጣውም ከመኪናው ፈቀቅ ብለው ይቁሙ። በመረከቢያው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእጀታው በታች ያለው እውነተኛው ቁጥር መሆኑን አይተው ይፈርሙ።